የአምሃ ሸክላ፣ የካይፋ ካሴት፦ ደሴ ቤት ውስጥ ያለውን ሙዚቃ በልኩ ለማሰማት

ደሴ ውስጥ ቤት ሲታደስ ወይም ውርስ ሲከፋፈል፣ ከአሮጌ ሳጥን ሥር ትንሽ ሳህን የምታክል ጥቁር ሸክላ ብቅ ትላለች። መሐሏ ላይ ክብ ወረቀት ተለጥፏል፤ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ ከዚያ የአሳታሚው ስም፦ አምሃ፣ ካይፋ ወይም ፊሊፕስ። ማጫወቻው ከተበላሸ ብዙ ዘመን ስላለፈው ሸክላዋ የልጆች መጫወቻ ትሆናለች፣ ወይም ግድግዳ ላይ ለጌጥ ትሰቀላለች። ይህን የጻፍኩት ከግድግዳው ወርዳ እንደገና እንድትዘፍን ነው። መጀመሪያ ማን እንዳሳተማት፣ ቀጥሎ እንዴት እንደምትጸዳና በምን ፍጥነት መዞር እንዳለባት እናያለን። ወሎ ውስጥ ከሸክላው ይልቅ ካሴቱ ስለሚበዛ መጨረሻ ላይ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ዓመታቱን የጻፍኩት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የሸክላ ሰብሳቢዎች የሚነጋገሩት በዚያ ስለሆነ ለማመሳከር ይቀላል።

ድንጋጌ አልፎ የተጀመረ ሥራ

በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ሙዚቀኛውም ቢሆን ደሞዝተኛ ነው። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሁሉም የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ዓለማየሁ እሸቴ የፖሊስ ነበር፣ ማሕሙድ አሕመድ የክቡር ዘበኛ። መሣሪያው የመንግሥት፣ የደንብ ልብሱም የመንግሥት። ዘፋኙ ማታ ክለብ ውስጥ የፈለገውን ቢዘፍን እንኳ፣ የዘፈነውን በሸክላ አውጥቶ የሚሸጥለት ነጻ ነጋዴ አልነበረም።

አዲስ አበባ ላይ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ይህን በር በ1969 ከፈተው። «ቢበዛ ያስሩኝ ይሆናል እንጂ ማንም አይገድለኝም» በሚል ስሌት እንደገባበት ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ አንደኛው ገጽ ላይ «ትማርኪያለሽ» አለ። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀዳው ቴፕ ሕንድ ተልኮ ታትሞ መጣ። እስርም አልመጣም። ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቀረ፤ እነ ፊሊፕስም ተከትለው ገቡ።

ከዚያ እስከ 1975 ድረስ አምሃ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ሎንግ ፕሌይ (ብዙ ዘፈን የሚይዝ ትልቅ ሸክላ) አሳተመ። የትንሿ ሸክላ ሁለት ገጽ ሲቆጠር 206 ገጽ ሙዚቃ ማለት ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ሙዚቃ ቤት።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የጆሮው ስፋት ነው። የዓለማየሁ እሸቴ የአሜሪካ ሶል የነካው ጩኸት፣ የባህታ ገብረሕይወት ለስላሳ ድምፅ፣ የሂሩት በቀለ ጉልበት፣ ገና ልጅነቱ ያልለቀቀው ሙሉቀን መለሰ፣ የሰይፉ ዮሐንስ አጭር ዕድሜ ውስጥ የቀሩ ጥቂት ዘፈኖች፣ ጌታቸው ካሳ ትዝታን አንዴ በዝግታ አንዴ በፍጥነት የዘፈነበት ቅጂ፣ ሁሉም ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው። በ1974 ደግሞ ዘፋኝ የሌለበትን የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ በሎንግ ፕሌይ አወጣ። በዚያ ዘመን ግጥም የሌለው ሙዚቃ ለገበያ ማቅረብ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ይህ ስፋት የአሳታሚው ልብ ብቻ አይደለም፤ የሸክላዋም ጠባይ አግዞታል። ትንሿ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ትዞራለች፣ በየገጿ አንድ ዘፈን ትይዛለች፤ አራት ደቂቃ ቢሆን 180 ዙር ነው። አሳታሚው አዲስ ዘፋኝ ሊሞክር ሲፈልግ የሚያስፈልገው ሁለት ዘፈን ብቻ ነው። ባይሸጥለት የሚጎዳው በሁለት ዘፈን ወጪ ነው፣ ቢሸጥለት በሳምንታት ውስጥ ሌላ ይቀዳል። ሎንግ ፕሌይ ግን ስምንት ወይም አሥር ዘፈን፣ ትልቅ ሽፋንና ትልቅ ገንዘብ ይጠይቃል። የ103 እና የ12 ልዩነት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ኋላ ካሴት ሲመጣ አንድ ዘፋኝ በአንዴ አሥር ዘፈን ይዞ መቅረብ ግድ ሆነበት፤ ሁለት ጥሩ ዘፈን ብቻ ያለው ሰው በሩ ጠበበበት።

ከ1974 አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የክለቦቹ ሌሊት አበቃ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ በ2021 አረፈ። ሥራውን ያስቀጠለው ከ1973 ጀምሮ በካይፋ ስም ያሳትም የነበረው ዓሊ አብደላ ካይፋ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ዓሊ ታንጎ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1975፣ የዋልያስ ባንድ «ጨ በለው» በ1977 ከካይፋ ወጡ። ከ1978 በኋላ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ።

እነዚህ ሥራዎች ባሕር ማዶ የታወቁት በሌሎች ትናንሽ አሳታሚዎች እጅ ነው። «እሬ መላ መላ»ን በ1986 የቤልጂጉ ክራምድ ዲስክስ እንደገና አወጣው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአምሃን፣ የካይፋንና የፊሊፕስን ሥራዎች «ኢትዮፒክ» በሚለው ተከታታይ ሰበሰባቸው፤ በ2017 ተከታታዩ 30ኛው ላይ ደርሷል። ለዚህ ጽሑፍ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ በሚኖርበት ጊዜ፣ በ1985 የቀዳውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። በ2013 እንደገና ታተመ፤ ሰውዬውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ካሴት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንደዚያ ያለ ካሴት የለም ብሎ መማል የሚችል ሰው አላውቅም።

ወሎ የት አለ?

ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ የቦታ ስም ናቸው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ። የአዲስ አበባዎቹ ሸክላዎች በእነዚህ ቅኝቶች የተሞሉ ናቸው። ጌታቸው መኩሪያ ፊሊፕስ ባሳተመለት ሥራው አምባሰልንም አንቺ ሆዬንም በሳክስፎን ነፍቷቸዋል። የወሎ ልጆች ራሳቸው በብዛት የተሰሙት ግን በካሴት ነው። ማሪቱ ለገሰና ዚነት ሙሃባ የወጡበት የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ዘመን የካሴት ዘመን ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ዕቃ የሚያስስ ሰው ሸክላዋን በክብር ይያዝ፣ ካሴቱን ግን ሳይበላሽ ቶሎ ይድረስለት። ሸክላ በንጹሕ ቦታ ቆማ ከተቀመጠች መቶ ዓመት ልትጠብቅ ትችላለች፤ ካሴት አይጠብቅም።

ሸክላዋን መለየት

ስፋቷ 17.5 ሳንቲሜትር ከሆነ የ45 ዙር ናት፤ 30 ሳንቲሜትር ከሆነ በደቂቃ 33 ከሲሶ የምትዞረው ሎንግ ፕሌይ ናት። ከባድ፣ ወፍራምና ስትወድቅ እንደ ብርጭቆ የምትሰበር ከሆነች ደግሞ የቀድሞው የ78 ዙር ሸክላ ናት፤ ለእሷ መርፌውም ሌላ ነው፣ አልኮልም ፈጽሞ አይንካት፣ የተሠራችበትን ሙጫ ያሟሟዋል።

በአምሃ ሸክላ ላይ ከቁጥሩ በፊት የሚታዩት ሁለት የላቲን ፊደላት የአምሃ እሸቴ ስም መነሻዎች ናቸው። ከወረቀቱ ውጭ ያለውን፣ ዘፈኑ አልቆ መርፌው የሚንሸራተትበትን ለስላሳ ቀለበትም በብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ከወረቀቱ ይልቅ ይታመናል፤ የሁለቱ ገጽ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ተቀያይሮ ሊለጠፍ ይችላልና። አማርኛ የማያነብ ሠራተኛ ባለበት ማተሚያ ደግሞ ስሕተቱን የሚያይ ሰው የለም። ርዕሱን ከመመዝገባችሁ በፊት ገጹን አዳምጡ።

መሐል ቀዳዳዋ ሁለት ዓይነት ነው። ጠባቡ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በማንኛውም ማጫወቻ ላይ ይገባል። ሰፊው 38 ሚሊሜትር ነው፣ መሐሉ ላይ የሚገባ ክብ ማጥበቢያ ይፈልጋል። ማጥበቢያው ከሌለ በካርቶን ቆርጦ መሥራት ይቻላል፣ ግን በኮምፓስ ተለክቶ ይቆረጥ። አንድ ሚሊሜትር ወደ ጎን ቢያደላ ድምፁ በየዙሩ እንደ ማዕበል ይወጣል ይወርዳል፤ በተለይ የተጎተተ የትዝታ ድምፅ ላይ ጆሮ ያማል። ቀዳዳው ከፋብሪካው ተዛብቶ ከመጣም እንዲሁ ነው፤ ሸክላዋ ስትዞር የመርፌው ክንድ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ችግሩ ይህ ነው።

ማጽዳት

የደሴ ቤት ሸክላ ላይ የሚገኘው ቆሻሻ አቧራ ብቻ አይደለም። ዓመታት የጠጣችው የከሰልና የዕጣን ጭስ ቅባት ያለው ስስ ሽፋን ይሠራል፣ አቧራው እሱ ላይ ይጣበቃል። የክረምቱ ጉምና እርጥበት ሲጨመር ነጭ ሻጋታ ይመጣል። ስለዚህ ደረቅ ጨርቅ ቆሻሻውን ወደ ቦዩ (መርፌው ወደሚሄድበት ቀጭን መስመር) ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም።

የሚያስፈልገው ፈሳሽ ለአንድ ሊትር ይህ ነው፦ 850 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ፣ 150 ሚሊ ሊትር የፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል፣ አንድ ጠብታ ብቻ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። አልኮሉ በውሕዱ ውስጥ ወደ 10 በመቶ ይሆናል፤ ቅባቱን ለማላቀቅ ይበቃል፣ ፕላስቲኩን ግን አይጎዳም።

ሦስት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። አንደኛው ውሃው ነው። ዲስትልድ ውሃ ለመኪና ባትሪ ስለሚሸጥ መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ፕላስቲክ ይቀመጣል። ጽሑፉን አንብቡ፣ ሻጩንም ጠይቁ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ማዕድን ቦዩ ውስጥ ቀርቶ ይንጫጫል። ሁለተኛው አልኮሉ ነው። ለእጅ ማጽጃ የተዘጋጀ ሳኒታይዘር ግሊሰሪን አለበት፤ ግሊሰሪን ስለማይተን ሸክላዋን እንደ ማር የሚያጣብቅ ሽፋን ይተዋል። ሦስተኛው ነጭ ጋዝና ቤንዚን ነው። ያብረቀርቃሉ፣ ዓይንም ያታልላሉ፤ ፕላስቲኩን ግን ይጎዱታል፣ የተጎዳው አይመለስም።

አሠራሩ፦ ሸክላዋን በንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኙ። መሐሉን ወረቀት በእጅ መዳፍ ወይም በሻይ ኩባያ ክዳን ሸፍኑ፤ ቀለሙ ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ ስሙ የጠፋ ሸክላ ደግሞ ታሪኩ ግማሽ ነው። ፈሳሹን በማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ፣ በሸክላዋ ላይ ሳትረጩ፣ ቦዩን ተከትላችሁ በክብ ጥረጉ፤ ከመሐል ወደ ዳር በፍጹም። በየገጹ ከአምስት እስከ ስምንት ዙር በቂ ነው። ከዚያ በዲስትልድ ውሃ ብቻ በተነከረ ሌላ ጨርቅ ያንኑ ድገሙ፤ ሳሙናው ካልወጣ መርፌው ላይ ጥቁር ጭቃ ይሰበሰባል። አቁማችሁ፣ ጥላ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት አድርቁ። ሶፍትና ጥጥ ክር ይተዋሉና አይሁኑ። ሻጋታ ካለ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ የድሮው የወረቀት ከረጢትም ይለወጥ፤ የሻጋታው ዘር እዚያ ስለሚቀር የጸዳችውን ሸክላ መልሶ ይይዛታል። ጽሑፍ ያለበትን የውጭ ሽፋን ግን አትጣሉ።

ፀሐይን በተመለከተ ኮምቦልቻ ከደሴ ይብሳል። መኪና ውስጥ በመስታወት ሥር ለቀትር የቀረች ሸክላ ትጣመማለች። የተጣመመችን ሸክላ በካውያ ለማቃናት መሞከር ቦዩን ያቀልጠዋል። በሁለት ንጹሕ መስታወት መሐል አድርጎ፣ ከላዩ እኩል ክብደት ጭኖ፣ ሳምንታት በቤት ሙቀት መተው ቀስ ያለ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም፤ ጉዳት ግን የለውም።

ፍጥነቱ፦ ብዙ ሰው የማያስተውለው ስሕተት

ዘመድ ከአሜሪካ ማጫወቻ ይልካል። ጽሑፉ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ይላል። ትራንስፎርመር ይገዛለታል፣ ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን ትራንስፎርመሩ የሚለውጠው ቮልቱን ብቻ ነው፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ እንደሆነ ይቀራል። የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ኸርዝ ነው። 60 የለመደ ሞተር 50 ሲሰጠው ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አምስቱ ይሆናል፤ 45 መዞር የነበረባት ሸክላ 37 ተኩል ትዞራለች።

ድምፁ ኪቦርድ ላይ ነጩንም ጥቁሩንም ብንቆጥር በሦስት ቁልፍ ያህል ይወርዳል፣ ጊዜውም ይረዝማል፦ የአራት ደቂቃ ዘፈን አራት ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ይወስዳል። ስሕተቱ የሚሸሸግበት ምክንያት ደግሞ ቅኝቱ ስለማይለወጥ ነው። ድምፆቹ ሁሉ እኩል ስለወረዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ያው ነው፤ አምባሰሉ አምባሰል ነው፣ ባቲውም ባቲ። ቅኝት የሚለይ የወሎ ጆሮ ራሱ ይሸወዳል። የሚያጋልጠው የሰው ድምፅ ነው። ወጣት ዘፋኝ እንቅልፍ የመጣበት ሽማግሌ ይመስላል፣ የሴት ድምፅ ይወፍራል፣ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት ይደነዝዛል። «የድሮ ዘፈን ረጋ ያለ ነው» የሚለውን አስተያየት እንዲህ ያለ ማጫወቻ አጠገብ ስሰማ መጀመሪያ ዙሩን መቁጠር ይሻላል እላለሁ።

መቁጠሩ ቀላል ነው። በማዞሪያው ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፉ፣ ሸክላ ጫኑ፣ መርፌውን አውርዱ (መርፌው ሲነካ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ)፣ የስልክ ሰዓት ይዛችሁ ሁለት ደቂቃ ቁጠሩ። 90 ዙር ከሆነ ትክክል ነው። 75 ከሆነ የኸርዝ ችግር ነው። 87 ወይም 88 ከሆነ ቺንጋው ላልቷል ወይም የሞተሩ ዘይት ደርቋል። ለ75ቱ መፍትሔው በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ፑሊ በ50 ኸርዙ መለወጥ ነው፤ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት በ1.2 እጥፍ የሰፋ ዲያሜትር ያለው ማስቀረጽ ይቻላል። ዲያሜትሩ በካሊፐር ይለካ፤ በዓይን ግምት የተቀረጸ ፑሊ አንዱን ስሕተት በሌላ ይተካል። ኳርትዝ ያለባቸውና በዲሲ ሞተር የሚሠሩ አዳዲሶች ግን ከኸርዙ ጋር አይገናኙም፣ ትክክለኛው ቮልት ይበቃቸዋል።

መርፌውና ክብደቱ

አሮጌዎቹ የሻንጣ ማጫወቻዎች መርፌያቸው በ5 ግራምና ከዚያ በላይ ይጫናል፤ በየጊዜው ከሸክላዋ ጥቂት እየላጠ ይሄዳል። ማንም ሰው ብቸኛ ቅጂ በእነሱ ላይ ባያጫውት እወዳለሁ። ዛሬ የሚሸጡት ማግኔታዊ ካርትሪጆች (መርፌውን የሚይዙት የክንዱ ጫፎች) ከ1.5 እስከ 3 ግራም ይበቃቸዋል፣ ልኩ ከካርትሪጁ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ። ክብደቱን ለመለካት ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን በቂ ነው፤ ሚዛኑን በሳህኑ ላይ፣ በሸክላዋ ከፍታ ልክ አድርጉት። እዚህ ላይ ማቅለል ደግነት አይደለም። ከልኩ በታች የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ ይዘላል፣ ሲዘል ግድግዳውን ይፈነክታል።

ማግኔታዊው ካርትሪጅ በቀጥታ ኮምፒውተር ወይም ስፒከር ላይ ከተሰካ ድምፁ ቀጭንና ባስ የሌለው ይሆናል። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጎላል፤ አለዚያ ቦዩ ሰፍቶ አራት ደቂቃ አይይዝም ነበር። ያንን የሚመልሰው አምፕሊፋየር ላይ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ወይም ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ ፎኖ ሳጥን ነው። ከጀርባ የወጣችውን ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ካላሰሩ «እምምም» የሚለው ድምፅ አይጠፋም።

ካሴቱ

ካሴት እጅ ሲገባ ወዲያው ቴፕ ውስጥ መክተት አያስፈልግም። መጀመሪያ በመስኮቱ እዩት፦ ክሩ በእኩል ተጠቅልሏል ወይስ ተቆላልፏል? ነጭ ብናኝ አለ? ከዚያ ክሩ ወደ ውጭ በሚታይበት በኩል፣ መሐል ላይ፣ በቀጭን መዳብ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ስፖንጅ ፈልጉ። ክሩን ከሄዱ (ድምፁን ከክሩ ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ጋር የምታጣብቀው እሷ ናት። ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ድምፁ ይርቃል፣ ይመጣል ይሄዳል፤ ሰው ክሩ ያረጀ መስሎት ካሴቱን ይጥለዋል። መድኃኒቱ ከማይረባ ካሴት ስፖንጅ ያለበትን ቁራጭ አውጥቶ መተካት ነው። በብሎን የታሰረ ካሴት በትንሽ ካቻቢቴ ይከፈታል። የተጣበቀውን በስለት ቀስ ብሎ በስፌቱ ከፍቶ ሁለቱን ጥቅል በብሎን ወደሚከፈት ሌላ ቤት ማዛወር ነው። ሲከፈት ጠፍጣፋ አስተኙት፤ ትናንሾቹ መዞሪያዎች ከወደቁ የትኛው የት እንደነበር ማስታወስ ያስቸግራል፣ አስቀድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ከማጫወታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው፣ አንድ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ጠቅልሉት። ለዓመታት ተጣብቆ የቆየውን ክር ያላቅቀዋል። ቴፑ ደካማ ከሆነ ባለስድስት ገጽ ቢክ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይሠራል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ክር አይበላም። የ60 ደቂቃ ካሴት ክር ከ90ው ይወፍራል፣ የ120ው ከሁሉም የሳሳ ስለሆነ በሞተር ፍጥነት አትጠቅልሉት። የተበጠሰ ክር በተራ ስኮች አይቀጠልም፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት እየፈሰሰ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል። ለካሴት የተሠራ መቀጠያ ስኮች አለ፣ የሚለጠፈውም በሚያበራው ጀርባ በኩል እንጂ ድምፁ ባለበት በደብዛዛው ገጽ አይደለም።

ቴፑ ክር የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ክሩን የሚጎትተው ጎማ ስለሚቆሽሽ ወይም ስለሚደነድን ነው። ጎማውን በለዘብተኛ ሳሙና ውሃ፣ ሄዱንና የብረት ዘንጉን በአልኮል፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጉ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ መውጣቱ እስኪያቆም። በየአምስት ካሴቱ ድገሙት። አሮጌ ካሴት ብዙ ቡናማ ብናኝ ይለቃል።

አሁን ትልቁ ማሻሻያ። ሄዱን ከያዙት ሁለት ብሎኖች አንዱ ስፕሪንግ አለበት፤ እሱ የሄዱን ዘንበልታ ይወስናል። ካሴቱ የተቀዳበት ማሽን ሄድ ትንሽ ያጋደለ ከነበረ በትክክለኛ ቴፕ ላይ ሲጫወት የታፈነ ይሆናል። እየተጫወተ ባለበት ያንን ብሎን በጣም በቀስታ፣ ከሩብ ዙር ሳታልፉ፣ ወዲያና ወዲህ አዙሩ። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ነጥብ አለ፤ እዚያ ቁሙ። ዘፋኙ አፉን ከሸፈነበት ጨርቅ የወጣ ያህል ነው ልዩነቱ። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና መደረግ አለበት፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ በሌላ ማሽን ተባዝቷል።

አንድ ዓይነት ካሴት ሁለት ካለ፣ የታተመ ሽፋን ያለውን ምረጡ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነው፣ በየቅጂው እሽሽታው ይጨምራል። ሁለቱንም ግን አትጣሉ፣ የታተመው መሐሉ ላይ የተበላ ሊሆን ይችላል።

ወደ ፋይል ማስገባት

ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ሸክላን በ24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ፣ በዌቭ ፋይል ቅዱ፤ በደቂቃ 35 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፣ ሁለት ገጽ ያላት ሸክላ ከ300 አታልፍም። ለካሴት 48 ኪሎ ኸርዝ በቂ ነው፣ የ60 ደቂቃው አንድ ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ ይድረስ፤ ከዜሮ ያለፈ ጩኸት ይቆረጣል፣ የተቆረጠ አይመለስም። ጠቅታ ማጥፊያና እሽሽታ መቀነሻ የሚባሉትን በዋናው ፋይል ላይ በፍጹም አታድርጉ፤ በሌላ ቅጂ ላይ ሞክሩ። እሽሽታ ሲጠፋ የማሲንቆው ጅማትና የዘፋኙ ትንፋሽ አብሮ ይሄዳል።

የፋይሉ ስም የዘፋኙን ስም፣ ርዕሱን፣ አሳታሚውን፣ በለስላሳው ቀለበት ላይ ያለውን ቁጥርና ገጹን ይያዝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲገባ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ቤትና ሱቅ ተዘርፏል፤ ኮምፒውተርም ሃርድ ዲስክም የሚሄደው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ደሴ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ። ሸክላዋ በአዲስ የወረቀት ከረጢት ገብታ ትቁም፣ ተደራርባ አትተኛ። ከረጢቱ ላይ በእርሳስ የጸዳችበትን ቀን፣ የተቀዳችበትን ማጫወቻና በሁለት ደቂቃ የቆጠራችሁትን ዙር ጻፉ።